ግራና የተወሰዱት የእናቴ ማሰሮዎች

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከሚስቁት ነበርኩ፣ መርሳ ገበያ ልብስ ስሰፋ ሴቶቹ ስለ ጅን ካነሱ የመኪናዬን ፔዳል ጠበቅ አድርጌ እረግጥና ወሬያቸውን በጩኸቱ አስጥላቸዋለሁ፣ እመኑኝ፣ አሁንም ያየሁትን እንጂ ሌላ አልነግራችሁም።

እናቴ የባህል መድኃኒት አዋቂ ነበረች፣ መድኃኒቶቿን የምታስቀምጠው ቅድመ አያቷ ከየመን ባመጧቸው ክዳን ባላቸው የሸክላ ማሰሮዎች ነው፣ ሰማያዊ ወፍና ሮማን ተስሎባቸዋል። ሳል አልጋ ላይ ሲጥላት ታላቅ ወንድሟ ይመር ከግራና መጣ፣ አጎቴ ነው፣ አንቱታውን በልቤ የተውኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው፣ ለካ ጥንታዊ ዕቃ የሚገዛ ሰው አግኝቶ ኖሯል፣ እሷ እያየችው ማሰሮዎቹን ከነመድኃኒታቸው ጭኖ ሄደ። "ይመር፣ የሳሉን እንኳ ተውልኝ" እያለች ስትጣራ ዞር ብሎም አላያት። በዚያው ሳምንት ሞተች።

ከወራት በኋላ ሚስቱ ፋጡማ ደውላ እባክሽ ነይ ብላ ለመነችኝ፣ በቀትር በባጃጅ ሄድኩ። ገዢው ማሰሮዎቹን ወስዶ ነበር፣ ምክንያቱን ሳይናገር መልሶ በር ላይ ጥሏቸው ሄደ አለችኝ። ቡፌው ላይ ተደርድረዋል፣ በየክዳናቸው ላይ ድንጋይ ተጭኗል፣ ይመር ከስቶ ጋቢ ተከናንቦ ተቀምጧል። ገና አረፍ ከማለቴ ሳል ሰማሁ፣ ደረቅ ሆኖ እንደ እናቴ ሳል መጨረሻው ላይ ፉጨት ያለው፣ የጎረቤት ነው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ሳሉ ግን ከእኛው ጋር ውስጥ ቀረ። ከዚያ አንዱ ክዳን ከነድንጋዩ ቀስ ብሎ ተንፏቀቀ። ተነስቼ ከፈትኩት፣ ታጥቦ ባዶ ነው፣ እጄን ስከት ግን ወላሂ ትንፋሽ የመሰለ ሙቀት ነካኝ።

"ዘሀራ ልጄ፣ ውሰጃቸው፣ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" አለኝ ይመር።

"እናቴ ምን ትልዎታለች?"

"ስሜን ትጠራለች። ሌት ተቀን።"

ደስ አለኝ፣ አልዋሻችሁም፣ እስከ አጥንቴ ድረስ ደስ አለኝ።

"ታዲያ አቤት ይበሏታ" አልኩትና ሻርፔን አስተካክዬ ወጣሁ።

በሩን ሳልሻገር "አቤት" ሲል ሰማሁት፣ ድምፁ እንደ ልጅ ቀጥኖ። ሳሉ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጀመረ፣ አሁን ግን ከይመር ደረት ነው የሚወጣው፣ ፉጨቱ እንኳ አልቀረም። ፋጡማ እያለቀሰች እስከ መንገድ ተከተለችኝ፣ እኔ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ፊቴን አዞርኩ።

እሱ እስካሁን አልሞተም፣ ወልድያ ወስደው አስመርምረውት ሳንባው ደህና ነው ተባለ። ትናንት ፋጡማ ደወለች፣ ተኝቷል፣ ቤቱ ጭር ብሏል አለችኝ፣ እኔ ግን ከኋላዋ የሚጣራ ሰው ይሰማኛል፣ የእናቴ ድምፅ ነው፣ የሚጠራውም የእኔን ስም ነው። ስልኩን ዘጋሁት። ይኸው ከጧት ጀምሮ ይጠራል፣ ፋጡማ ትሁን ሌላ አላውቅም፣ አላነሳሁትም።