ወንዝ አሻግሬ የላክሁት ቃል

ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። ፈሪን ለማስፈራት እኔ አላስፈልግም፤ ድመት ትበቃዋለች።

የምጽፈው በዓይኔ ስላየሁት ነው። ያላመነ ይተወው።

ቦታው ሞጣ ነው። ያለፈው ነሐሴ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። በጠራራ ቀን አልልም፣ ጉም ነበረ። ግን ቀን ነበር...

ሪሃብ እባላለሁ። ሞባይል እጠግናለሁ። ያስተማረኝ የለም፤ የሞተ ስልክ እየፈታሁ፣ እያበላሸሁ፣ በራሴ ነው የተማርሁት። ጂን አየሁ የሚለኝን ሰው ሁሉ ስስቅበት የኖርሁ ነኝ።

የዚያን ቀን እህቴን ዘይዳን ምጥ ያዛት።

ቤቷ ከከተማው ጫፍ፣ ከወንዙ ማዶ ነው። ባሏ ለንግድ ሉማሜ ሄዷል። ኔትወርክ ከጠፋ ሁለት ቀኑ ነው። ከአማቷ ከእማማ ዘሚራ ጋር ትቻት አዋላጅ ፍለጋ በእግሬ ሮጥሁ።

አዋላጇ መክሊት ትባላለች። ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች፣ ጭቃችንን ገና ያልለመደች። ባለፈው ሳምንት ዘይዳን ስታያት ልጁ እንዳልዞረ ነግራናለች። በእግሩ ከመጣ ሁለቱንም ልናጣ እንችላለን ብላ መንገዱን ሙሉ አስጨነቀችኝ።

ወንዙ ጋ ደረስን።

ቅድም የተሻገርሁበት የእንጨት ድልድይ የለም። ጎርፍ ወስዶታል።

የላይኛው ድልድይ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ምርጫ አልነበረንም፤ ወንዙን ይዘን ሽቅብ መሄድ ጀመርን።

ትንሽ እንደሄድን ማዶ ሰው አየሁ።

ጋቢ የለበሰ፣ ረጅም ዱላ የያዘ ሰው። ስንሄድ ይሄዳል። ስንቆም ይቆማል።

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነው... ጋቢው ግን አልረጠበም።

በእኛ አገር ክረምት ወንዙን ሲሞላው ቃል የሚላከው እንዲህ ነው። ማዶ ለታየው ሰው ስምና ቤት ተናግሮ መልእክት ይጮኹለታል። እሱም በትክክል መስማቱ እንዲታወቅ ቃሉን ይደግማል፣ ከዚያ ያደርሳል። ማን ነህ ተብሎ አይጠየቅም። የወንዝ ቃል አደራ ነው።

እኔም ጮኽሁ። ሪሃብ ነኝ፣ የዘይዳ እህት ነኝ አልሁ። አዋላጇን መክሊትን ይዣለሁ አልሁ። ከመስጊዱ በታች ያለው ሰማያዊ በር ነው፣ እማማ ዘሚራ በሩን ይክፈቱልን በልልኝ አልሁት።

ሰውየው ዝም።

እኔ ደግሞ ዝምታ አልወድም። ምላስህን ጅብ በላው ወይ፣ ድገመዋ፣ አልሁት።

ደገመው።

ቃል በቃል... በእኔ ድምፅ።

መክሊት ክንዴን ጨመደደችኝ። "ሪሃብ... አፉን አልከፈተም እኮ።"

"የገደል ማሚቶ ነው" አልኋት። ለሁሉም ነገር ማብራሪያ አላጣም።

ማሚቶ ግን ያልተባለ ቃል አይጨምርም።

ያ ድምፅ መጨረሻ ላይ ረጋ ብሎ፣ "ልጁም በእግሩ ነው የሚመጣው" አለ።

ይህን እኔ አልጮኽሁም።

ሰውየው ዱላውን አንሥቶ ወደ ውኃው ጠቆመ። እዚህ ጋ ተሻገሩ ማለቱ ነው። ጎርፉ ከላይም ከታችም ይጮኻል፤ እሱ የጠቆመበት ቦታ ግን ጸጥ ብሎ ተኝቷል።

መክሊት ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። የአገሩ ሰው ካሳየን ምን እንጠብቃለን፣ እህትሽ እየሞተችብሽ ነው አለችኝ።

ቆይ አልኋት። የወንዝ ጥልቀት በድንጋይ ነው የሚታወቀው፤ ጥልቁ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፣ ብዙ የማይጠልቀው ቀጭን። ቡጢ የሚያህል ድንጋይ አንሥቼ ወረወርሁ።

ገባ።

ድምፅ የለም...

ወፍራምም፣ ቀጭንም፣ ምንም።

ቀና ስል ማዶው ባዶ ነው።

እስከ ላይኛው ድልድይ እንዴት እንደሮጥን አላውቅም። ተሻግረን፣ ቁልቁል ወርደን፣ ሰማያዊው በር ፊት ቆምን።

ተዘግቷል። ያ በር በቀን ተዘግቶ አይቼው አላውቅም።

"እማማ ዘሚራ፣ ይክፈቱልን። ሪሃብ ነኝ።"

ከውስጥ ሹክሹክታ መጣ። "ሂዱ... በአላህ ይዣችኋለሁ፣ ሂዱልን።"

"ምን ሆነው ነው? አዋላጇን አምጥቻለሁ!"

"አዋላጇማ ከገባች ቆየች። ከሪሃብ ጋር።" አሮጊቷ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። "ኋላ በእኛ መልክ የሚመጡ አሉ፣ እንዳይከፍቱ ብላኛለች።"

ዘይዳ ጮኸች። አንድ ጊዜ ብቻ።

መክሊት በሩን በሁለት እጇ መደብደብ ጀመረች። "እግሩን እንዳትስቡት! እማማ፣ እግሩን እንዳይስቡት ይንገሯቸው!"

ከውስጥ የመለሰላት እኔ ነበርሁ። የእኔ ድምፅ፣ የእኔው ንቀት።

"አትድከሚ ሲስተር። መጥቷል።"

ሕፃን አለቀሰ...

ዓይኔን በበሩ ስንጥቅ ላይ ለጠፍሁ።

እህቴ ተንጋላለች፤ ላብ አጥምቋታል፣ ግን በሕይወት አለች፣ ፈገግ ብላለች። አጠገቧ የተቀመጠችውን ሴት እጅ ይዛ "ሪሃብዬ፣ አንቺ ባትደርሺልኝ ኖሮ" ትላታለች።

ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ሻሹ የእኔ ነው። ትከሻው የእኔ ነው። ሕፃኑን ታቅፋለች።

በእኛ ዘንድ አዲስ የተወለደ ልጅ ጆሮው ቀድሞ የሚሰማው አዛን ነው። አባቱ ወይ አንድ ሽማግሌ ነው የሚያሰማው፤ ከዚያ በፊት ማንም ምንም አይለውም።

እሷ ግን ጎንበስ አለች። አፏን ከቀኝ ጆሮው አስጠግታ ረጅም ነገር አንሾካሾከችለት።

ሕፃኑ ለቅሶውን አቆመ።

አንገቱን ቀስ ብሎ አዞረ... እና በስንጥቁ በኩል ዓይኔን አየው።