የራሰ በራዋ ጣሪያ

የመኪናዋን ጣሪያ የቀደደው የሚዜዎች ጫማ ነው። ከተማው ግን የይታይሽ ስፌት ነው አለ።

ነገሩ የደረሰው በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት፣ ሙሽራዋን ከከላላ ወደ መካነ ሰላም ሲያመጧት ነው። መንገድ ላይ ሰማዩ ጠቆረና የበልግ ዝናብ ወረደ። ጣሪያውን እንመልስ ቢሉ ሸራው መሐሉ ላይ ተቀዶ፣ ብረቱም ተጣሞ አልነሳም አለ። ሙሽራዋ ከነቬሏ በስብሳ ገባች። ሾፌሩ የይታይሽ ታላቅ ወንድም ሞላ ነበር። ገና ከመኪናው ሳይወርድ «የእህቴ ስፌት ለቀቀ» አለ። ወሬው እስኪመሽ አልጠበቀም።

መኪናዋ በንጉሡ ዘመን አንድ ባላባት ያስመጣት የአሜሪካ ሼቭሮሌት ናት። ደርግ ሲመጣ ገለባ ከምረውባት ደበቋት፤ ከዚያ ወዲህ ዶሮ ይፈለፈልባት ነበር። የይታይሽ አባት ጋሽ ካሳ መካኒክ ነው፤ ከነኩሷ ገዝቶ፣ ቆርቆሮዋን ቀጥቅጦ፣ ሞተሯን ከወዲያም ከወዲህም ለቃቅሞ ነፍስ ዘራባት። የሚታጠፈውን ጣሪያ የሰፋችው ግን ይታይሽ ናት። ክረምቱን ሙሉ ከወፍራም ሸራ ጋር ስትታገል ከርማ፣ ጣቷ እየቆሰለ ጨረሰችው። ጣሪያዋ ሲታጠፍ ገላጣ ስለምትሆን የሰፈር ልጆች «ራሰ በራዋ» ይሏታል። በከተማው ያለ እሷ ሰርግ ሰርግ አልመስል ብሎ ነበር።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ስልኳ ጮኸ። የወረኢሉው አሕመድኑር ነው፤ የሚኒባሱን ወንበሮች እንድትሰፋለት ተስማምተው ነበር።

«አብሽሪ ልጄ» አላት። «ወንበሩን ግን ተይው። የበሰለ ሰው ላፈላልግ።»

«ማን ምን አለዎት?»

«ኧረ ወላሂ፣ አገሩ ሁሉ ነው የሚያወራው።»

ወደ ቤት አልገባችም፤ በቀጥታ ግቢው ውስጥ ወዳለው ጋራዥ አመራች። ሸራውን ዘርግታ ስፌቷን በጣቷ ተከተለችው። አንድም ቦታ አልላላም። ሸራው የተቀደደው ከስፌቱ ክንድ ያህል ርቆ ነው፤ ቅዳዱ ዳር ላይ የተረከዝ ጭቃ ደርቆበታል።

ሞላ ጎማ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል።

«ና እስቲ ስፌቱን እየው» አለችው።

«አቦ አታካብጂ። አለፈ እኮ።»

«የታጠፈው ሸራ ላይ አቁመህ አስጨፈርካቸው። ሙሉሐረግ ዛሬ ክፍል ውስጥ ቲክቶክ ላይ አሳየችኝ። ሦስቱ ሚዜዎች፣ መሐላቸው ሙሽራው ራሱ። አንተ መሪውን ለቀህ ታጨበጭባለህ።»

ሞላ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ቪዲዮ አንሺው ከፍ በሉ፣ ከፍ በሉ ሲላቸው እኔ ምን ላድርግ? ሙሽራን ውረድ ይባላል?»

«ስለዚህ በእኔ ላይ ለጠፍከው።»

«አንቺ ላይ ይቀላል። ልጅ ነሽ፤ ልጅ ተሳሳተች ይባልና ይረሳል።»

«አሕመድኑር አልረሳውም።»

አባቷ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከጓሮ ገባ። ዓይኑን ከሁለቱም አሸሸ። «እትዬ በዛች ሳሎን ተቀምጣ እየጠበቀች ነው» አለ። እትዬ በዛች የሙሽራው እናት ናቸው። «ምራቴን በዝናብ አስመታችሁብኝ ብላ አኩርፋለች። ነይ፣ ጉልበቷን ሳሚና ይቅርታ በያት። ጣሪያውንም እስከ ቅዳሜ ስፊው፤ ሌላ ሰርግ አለ።»

«አባዬ፣ ቪዲዮውን ላሳይህ።»

«አይቼዋለሁ።»

ይታይሽ የሰማችውን ማመን አቃታት። «መቼ?»

«የዚያኑ ዕለት። ቪዲዮውን ባላየው እንኳ የጫማ ቅዳድና የስፌት ቅዳድ ይጠፋኛል? ግን ወንድምሽ እንጀራው ሹፌርነት ነው። ስሙ ከጠፋ ማን መኪና ይሰጠዋል? አንቺ ተማሪ ነሽ።»

«የእኔስ ስም?»

«የሴት ልጅ ስም በስፌት አይጠፋም።»

ፊቷ ጋለ። አንድ ነገር ብትወረውር ደስ ባላት፤ መፍቻው እጇ አጠገብ ነበር። ሞላ ቢዋሽ ሞላ ነው። አባቷ ግን ያንን ሸራ አብሯት ወጥሯል፤ መርፌው ሲሰበር ሌላ ያቀበላት እሱ ነው። «እንደዚህ የሰፋ ሰው ደሴም የለ» ያላትም እሱ ነው።

ከፊታቸው ቀድማ ወደ ሳሎን ገባች። እነሱም ተከተሏት።

እትዬ በዛች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አገጫቸውን ቀጥ አድርገው ተቀምጠዋል። «ነይ እስቲ፣ ባለሙያዋ!» አሉ። «ምራቴን እንደ ተልባ ዘፈዘፍሻት። ከትናንት ጀምሮ ሳሏ አልበረደም።»

አባቷ ከኋላዋ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሂጂ ማለቱ ነው። የእትዬ በዛች ጉልበት አንድ እርምጃ ላይ ነበር፤ ዝቅ ብሎ ሳም ማድረግ ምንም አይከብድም። ዝቅ ካለች ግን ስፌቱ ለቀቀ ማለቷ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም ቢያሳይ ስሟ አይመለስም።

አልጎነበሰችም።

«እትዬ በዛች፣ ሙሽራዋን እግዚአብሔር ይማራት። በመበስበሷ በጣም አዝኛለሁ» አለች። «የእኔ ስፌት ግን አልለቀቀም። ሸራው ላይ እነማን ቆመው እንደጨፈሩ ሞላ ያውቃል። እሱ ይንገርዎት።»

«ምን?» አሉ እትዬ በዛች። አገጫቸው ወደ ሞላ ዞረ።

«ይታይሽ!» አለ አባቷ።

«እሱ እስኪናገር ጣሪያውን አልነካም፣ አባዬ። ቅዳሜ ሰርግ ይሁን፣ የፈለገው ይሁን።»

ሞላ ወደ ግድግዳው ሸሸት አለ። ምንጣፉን ያያል።

«አንተ ልጅ፣ ምንድን ነው እሷ የምትለው?» እትዬ በዛች ከመቀመጫቸው ተነሱ። «እነማን ናቸው የጨፈሩት?»

ይታይሽ መልሱን ለመስማት አልቆየችም። በአባቷ አጠገብ አልፋ ወጣች፤ ሦስቱን እዚያው ትታ በሩን ከኋላዋ ገጥማ ዘጋችው።