ከአቶ ይርጋ ሱቅ የመጣው ጀሪካን

የቃልኪዳንና የደጀን ፍቅር የተጀመረው በጀሪካን ነው፤ ሳቁ ካሻችሁ! መርሳ ከተማ፣ ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ፣ ቃልኪዳን ሟች እህቷ የተወችላትን ሕፃን ሶስናን አዝላ ስትጠብቅ ጀሪካኗ አፈሰሰ። ደጀን አየ። በማግስቱ ከአባቱ ከአቶ ይርጋ ሱቅ ነጭ ጀሪካን ይዞላት መጣ።

«የዘይት ነበር። ለሕፃን ነው ስለው አባቴ ራሱ በሳሙና አጠበልሽ።»

ዓይኗን ሰበር አድርጋ ተቀበለችው። እሱም እስክትርቅ ድረስ ቆሞ አያት።

ምን ዋጋ አለው! በዚያ ጀሪካን ውሃ የተበጠበጠ የዱቄት ወተት ስትጠጣ ሶስና ታስመልስ፣ ትንቀጠቀጥ ጀመር። እናቱ ከዚያው ቦኖ እየጠጣች የምታጠባው የጎረቤቷ የአሚና ልጅ ግን ምንም አልሆነም። ወልድያ ያከማት ሐኪም ይህን ሲሰማ ጀሪካኑን አስመጥቶ አሸተተ።

«የሽንኩርት ፀረ ተባይ ነበረበት። ፕላስቲኩ መርዙን ጠጥቶታል፤ በሳሙና አይለቅም።»

አሚና «ወላሂ፣ እኔ ሁለቱንም አጠባለሁ!» አለች። ሶስና በአሚና ጡት ነፍስ ዘራች።

ቃልኪዳን አቶ ይርጋ ዘንድ ሄደች። ሳቁባት።

«የዘይት ነው አልኩሽ! የጡጦ ልጅ ድሮስ መች ይበረክታል?»

ደጀንም «አባቴ እያወቀ አያደርገውም» አላት። ይሄ ከሳቁ ይልቅ አንገበገባት። ትወደዋለች፤ ግን በልቧ ማለች። ወይ የአባቱን ጉድ በዓይኑ ያያል፣ ወይ እሱንም ትተዋለች።

ከፋሲካ በኋላ ደጀን ሊያገባት ሽማግሌ ላከ። አቶ ይርጋም ልጃቸውን አስከትለው አብረው መጡ። አጎቷ ጋሽ ንጉሴ «እሺ» ካሉ በኋላ ቃልኪዳን ያንኑ ነጭ ጀሪካን ይዛ ገባች። ከውስጡ ውሃ በብርጭቆ ለአቶ ይርጋ ብቻ ቀዳች።

«ይጠጡ፣ አባባ።»

«አልጠማኝም።»

«የዘይት ነው አላሉኝም? ለሶስና የተስማማ ለእርስዎ ምን ይሆናል?»

አቶ ይርጋን ግንባራቸውን አላባቸው። ደጀን አባቱ በሰው ፊት ሲዋረዱ መቀመጥ አልቻለም፤ ብርጭቆውን አነሳ።

«እኔ እጠጣለሁ። አባቴ አይዋሽም።»

ቃልኪዳን እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው። አባቱ ራሱ ይናገር! አለች በልቧ። አባትየውን ብቻ አየች።

ብርጭቆው ከንፈሩ ሊደርስ ሲል አቶ ይርጋ ዘለው ከእጁ መትተው ጣሉት።

«ልጄን! መርዝ እኮ ነው!»



«የእኔዋስ?» አለች ቃልኪዳን። «የእኔዋ የማን ልጅ ነበረች?»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አቶ ይርጋ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ወደ በሩ ሄዱ።

«ደጀን፣ ተነስ!»

ደጀን አልተነሳም። እሳቸው ወጡ። እሱ ቃልኪዳንን አያት።

«አባቴ ባያስጥለኝ ኖሮ ታስጠጪኝ ነበር?»

«አላውቅም» አለች እንባዋ እየወረደ። «ብትሄድ አልፈርድብህም።»

ደጀን ነጩን ጀሪካን አነሳ።

«ነገ ገበያ ነው» አላት። «አባቴ ሱቅ ውስጥ እንደዚህ ያለ ጀሪካን ተደርድሯል። ሰው ሁሉ እያየ አንድ በአንድ እበሳዋለሁ። ምስማር አለሽ?»

«አለኝ» አለችው። «ምስማሩን እኔ እይዝልሃለሁ፤ አንተ ምታ።»