ደብተር ያላስፈለገበት ከሰዓት

«ይያዙት እትዬ አልጣሽ፣ እንዳይነቃነቅብዎ» አለች ወለላ።

«ዱላውስ ቀጥ ብሏል። የምነቃነቀው እኔ ነኝ።»

ሁለቱ በእትዬ አልጣሽ ማሳ ላይ፣ ተዳፋቱ ግራና ቀኝ ቆመዋል። እያንዳንዳቸው እኩል ቁመት ያለው ዱላ ይዘዋል። ከአንዱ ዱላ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ሲባጎ ተወጥሯል። ሲባጎው ላይ፣ ወለላ በቆመችበት በኩል፣ ከጣት የማትበልጥ ውኃ ልክ ተንጠልጥላለች። በብልቃጧ ውስጥ ያለችው አረፋ ወዲያና ወዲህ ስትል ቆይታ በሁለቱ ጥቁር መስመሮች መሀል ገብታ ዐረፈች።

«ልክ ገባች» አለች ወለላ። «እርስዎ የቆሙበትና እኔ የቆምኩበት እኩል ነው ማለት ነው። ድንጋይ ያኑሩበት።»

እንዲህ እያሉ ከማሳው ዳር እስከ ዳር ድንጋይ አኖሩ። ከዚያ ወለላ ድንጋዮቹን ተከትላ በመቆፈሪያ ትንሽ ቦይ ጫረች። እትዬ አልጣሽ ከምንጭ ያመጡትን እንስራ ዘንበል አድርገው ውኃ ለቀቁበት። ምልክቱ እውነት ከሆነ ውኃው ባለበት ተኝቶ ቀስ እያለ መስረግ ነበረበት። አልተኛም። ለአፍታ እንደ መቆም አለና ወደ ግራ ዞሮ፣ ቦዩን ይዞ እየሮጠ፣ አምና ጎርፉ በቀደደው ቦረቦር ውስጥ ገባ።

እትዬ አልጣሽ ውኃውን በዓይናቸው ሸኙት።

«አረፋይቱ ሴሚናሩን ተካፍላለች» አሉ። «ውኃው ግን የገባ አይመስለኝም።»

ወለላ አልሳቀችም። ሲባጎውን ከዱላው ፈትታ በእጇ መጠቅለል ጀመረች።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ታፈረ ከላይ በኩል እየወረዱ ነበር። ቦዩንም ውኃውንም አይተዋል።

«እንዴት ነው ሠልጣኟ?»

«እየሞከርን ነው፣ ጋሼ ታፈረ።»

«ሰኞ ሰው ሁሉ ይወጣል። አንቺ ምልክት እያደረግሽ ከፊት ትሄጃለሽ፣ እኛ ከኋላሽ እርከኑን እንክባለን።» ፊቷን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምን ያስጨንቅሻል? እኔ ስንት ሴሚናር ሄጃለሁ። ደሴ ሄጃለሁ፣ ወልድያማ ቤቴ ሆናለች። ተመልሼ በመፈክር እጀምራለሁ፣ በመፈክር እጨርሳለሁ። ይጨበጨባል። ምን ይዘህ መጣህ ያለኝ የለም።»

«እኔ እላለሁ» አሉ እትዬ አልጣሽ።

«አንቺማ ትያለሽ። ጎርፉ የሚያድረው አንቺ ቤት ነው።» ሊቀመንበሩ ሳቁና ወደ ወለላ ዞሩ። «ሲባጎውን ወጥሪ፣ ድንጋዩን አስቀምጪ። ካልሆነም እንደ አምናው በዓይናችን እንገምታለን።»

ሲርቁ እትዬ አልጣሽ ባዶውን እንስራ አንሥተው በጀርባቸው አዘሉ።

«ወለላዬ፣ አምናም እኮ ዓይን ነበረን» አሉ።

አምና ሰው ሁሉ ወጥቶ ተራራውን በግምት ነበር የካበው። ሐምሌ ላይ ጎርፉ እርከኑን ተከትሎ መጥቶ አንድ ቦታ ተጠራቀመና ደረመሰው። የወረደው እትዬ አልጣሽ ማሳ ላይ ነው። የገብስ ቡቃያውን ከነአፈሩ ይዞባቸው ሄደ። ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ድንጋዩን አንድ በአንድ ከቦረቦሩ እያወጣ መልሶ የካበላቸው የወለላ ወንድም ቢሆነኝ ነበር። ከልጅነቱ ድንጋይ ስለተሸከመ ነው መሰል፣ ባዶውን ሲሄድ እንኳ ቀኝ ትከሻው ዝቅ ይላል። መስከረም ሳይጠባ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሄደ። ይኸው ሚያዝያ ገባ፣ ድምፁ የለም።

ግብርናዎች ወልድያ ላይ ስለ አፈር ጥበቃ ሴሚናር አለ፣ መጻፍ የሚችል ሰው ላኩ ባሉ ጊዜ ማኅበሩ ወለላን መረጠ። ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ጽሕፈቷም ያምራል። እትዬ አልጣሽ ከሁሉ ቀድመው፣ «ሂጂ፣ ላሚቱን እኔ አልባለሁ። ለእናትሽም ውኃ እቀዳለሁ። ብቻ ለማሳዬ የሚሆን ነገር ይዘሽልኝ ነይ» ብለዋት ነበር።

ወለላ ግን ወልድያ ሲባል የታያት ማሳ አልነበረም። በወልድያ ወታደር ያልፋል።

ሴሚናሩ ላይ ማንም ያልሠራውን ሠርታለች። በአዳራሹ የተነገረውን ሁሉ ጽፋለች፤ መፈክሩን፣ የተናጋሪዎቹን ስም፣ አፈር በዓመት ምን ያህል እንደሚታጠብ። አንድ ደብተር ጨርሳ ሌላ ጀመረች። በመጨረሻው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አሠልጣኙ ውኃ ልክና ሲባጎ አደላቸውና፣ «ከሰዓት ተራራው ላይ እንወጣለን፤ ደብተር አያስፈልግም» አለ።

ደብተር ካላስፈለገ የሚያመልጣት ነገር ያለ አልመሰላትም። ሌሎቹ ወደ ተራራው ሲሄዱ እሷ ወደ መናኸሪያው ሄደች።

እዚያ አንድ ወታደር ከፊቷ ይሄድ ነበር፤ ቀኝ ትከሻው ዝቅ ያለ። አልጠራችውም። ብትጠራው የሚጠፋ መሰላትና ተከተለችው፤ በጨው መደብሮቹ አጠገብ፣ በልብስ ሰፊዎቹ ፊት ለፊት። አንድ ሱቅ ደጅ ሲደርስ ዞረ። የማታውቀው ፊት ነበር።

«ምን ፈለግሽ፣ እህቴ?»

«ሰው መስለኸኝ ነው» አለችው።

ልጁ ትንሽ አያት። «ምነው በሆንኩ» ብሎ ሄደ።

በማግሥቱ ሁሉም መኪና ሲጠብቅ፣ በሴሚናሩ ሁሉ ከጎኗ የተቀመጠችው የኩልመስኳ ጀውሀራ እየሳቀች መጣች። ጥፍሮቿ ውስጥ ጭቃ ነበር።

«አንቺ ፋራ፣ የት ገባሽ? ወላሂ ክንዴ ተገነጠለ። ሦስት ሦስት ሆነን ሲባጎ ስንወጥር ዋልን።»

«ምን ጻፋችሁ?»

«ምን እንጽፋለን? እጃችን መች ተፈታ።»

ያን ጊዜ ወለላ ቀለል አላት። ምንም ካልጻፉ ምንም አላመለጣትም። ጀውሀራ መኪናዋ ላይ ስትወጣ፣ «ኩልመስክ ከመጣሽ እኛ ዘንድ ነው የምታድሪ። እናቴ ገበያው ዳር ጨው ትሸጣለች፤ ጀውሀራ ብትይ የማያሳይሽ የለም» ብላት ነበር። ወለላ በወጉ እንኳ አልሰማቻትም። ዓይኗ መንገዱ ላይ ነበር።

አሁን ማሳው ላይ ቆማ ሁለቱን ደብተሮች በሐሳቧ ገለጠቻቸው። ስለ ሲባጎው አንድ ቃል የለም።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የእርዳታ ስንዴ የሚያመላልሰውን መኪና ላሊበላ መጋዘኑ ደጅ ቆሞ አገኘችው። ሾፌሩ ሸዕባን የጋሸና ሰው ነው። ቢሆነኝ ጆንያ ሲያወርድለት ስለኖረ ቤተሰቡን ያውቃል።

«የቢሆነኝ እህት፣ ነይ እስቲ» አላት። «ነገ የብሔራዊ ውትድርና ልጆች በጋሸና ያልፋሉ ይባላል። ምሳ የሚበሉት እዚያ ነው። ከላስታ የሄዱትም አሉበት አሉ። እኔ ጎሕ ሲቀድ እነሣለሁ። ጋቢና ቦታ አለ። እሑድ ማታ መልሼ አመጣሻለሁ።»

«ቢሆነኝ ይኖርበታል?»

«አላህ ነው የሚያውቀው። አለ ብዬ አልምልልሽም። የለም ብዬም አልምልልሽም።»

እናቷ ወይዘሮ አሰለች ወሬውን ስትሰማ ያሳደረችውን ገብስ አውጥታ ቆላች። ፀሐይ ሳትጠልቅ በሶው ተፈጭቶ በነጭ ከረጢት ገብቷል።

«ጉልበቴ ቢታዘዘኝ እኔው በሄድኩ» አለች። «ከስቶ እንደሆነ ዋሽተሽ አትንገሪኝ። ፊቱን አይተሽ፣ እንዳየሽው ንገሪኝ።»

«ላላገኘው እችላለሁ፣ እማዬ።»

«አውቃለሁ።» የከረጢቱን አፍ ፈታችና እንደገና አጥብቃ አሰረችው። «ቢሆንም ሂጂ።»

ገና ሳይነጋጋ ወለላ ከረጢቱን አዝላ ወደ መጋዘኑ ወረደች። ውኃ ልኳንና ሲባጎውን ለምን እንደያዘች አላወቀችም፤ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ናቸው። ምድሩ ቀዝቅዟል። እየሄደች በሐሳቧ ቢሆነኝን ጋሸና ላይ ከወታደር መኪና አወረደችው። ፀጉሩ ተላጭቷል። ትከሻው ግን ያው ነው። መጀመሪያ ስለ እናታቸው ይጠይቃታል፤ ደኅና ናት ትለዋለች። ስለ ላሚቱ ይጠይቃታል፤ ወልዳለች ትለዋለች፣ ይስቃል። ቀጥሎ የሚጠይቃትን ታውቃለች። ወንድሟ ነውና ታውቀዋለች።

«የእትዬ አልጣሽ ማሳስ?»

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ከመኪናው አወረደችው፣ ስለ እናታቸው ጠየቃት፣ ስለ ላሚቱ ጠየቃት። እዚያው ቦታ ስትደርስ ቢሆነኝ በሶውን በእጁ እንደያዘ መልሷን እየጠበቀ ያያት ጀመር።

ሸዕባን ሞተሩን አስነሥቶ እያሞቀ ነበር።

«ግቢ፣ ብርዱ ሳይዝሽ።»

ወለላ የተከፈተው በር ሥር ቆመች። ከጋቢናው የናፍጣ ሽታ የተቀላቀለበት ሙቀት ፊቷን ነካው። አንድ እግሯን መረገጫው ላይ አደረገች። ከዚያ አወረደችው። ከረጢቱን ከጀርባዋ ፈትታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሽ ሸዕባን፣ ይቺን ለቢሆነኝ ያድርሱልኝ።»

«አንቺስ?»

«ኩልመስክ እሄዳለሁ።»

«ዛሬ?» ሸዕባን መሪውን ለቀቀ። «እህት ዓለም፣ ኩልመስክ የትም አይሄድም። ወታደር ግን ያልፋል።»

«ሰኞም ያልፋል» አለች ወለላ። «አንዲት ጓደኛዬን የምጠይቃት ነገር አለ። ዛሬ ሄጄ፣ አድሬ፣ ነገ ከተመለስኩ ለሰኞ እደርሳለሁ።»

«እናትሽ ታውቃለች?»

«ስመለስ እኔው እነግራታለሁ።»

ሸዕባን ከረጢቱን ትንሽ አየውና እንዳይገለበጥ በጋቢው ሥር አስጠጋው።

«ምን ልበለው?»

ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀችውን ሁሉ ተወችው።

«የእትዬ አልጣሽን ማሳ ሰኞ ውኃ ልክ እናስይዘዋለን ይበሉት። እና ፊቱን ይዩልኝ። ከስቶ እንደሆነ ዋሽተው አይንገሩኝ።»

«ካላገኘሁትስ?»

«ትከሻው ዝቅ ያለ ልጅ ካዩ፣ ለእሱ ይስጡት።»

«አብሽሪ» አላትና በሩን ዘጋ።

መኪናው ዞሮ ወደ ጋሸና በሚወስደው መንገድ ሄደ። ወለላ የኩልመስክን መንገድ ያዘች። ነጠላዋን በራሷ ላይ ሳብ አደረገችና ፈጠን ብላ ተራመደች። ሁለት ሰው ሁለቱን ዱላ ይይዛል፤ ሦስተኛዋ የት ነበር የምትቆመው፣ መሀል ላይ ውኃ ልኳን እያየች? ሲባጎው ሲረግብስ ምን ይደረጋል? በአንዱ እርከንና በሌላው መሀል ምን ያህል ይተዋል? ጥያቄዎቹን በጣቷ እየቆጠረች ሄደች፤ ጀውሀራ ፊት እንዳይጠፉባት።

የመኪናው ድምፅ ዳገቱን ሲይዝ ከኋላዋ ጎላ ብሎ ተሰማ። አልዞረችም። እየቀጠነ ሄዶ ሲጠፋ ግን ዞረች። ከወዲያ ማዶ ገደሉ ላይ አቧራው ገና አልተቀመጠም ነበር። ውኃ ልኳን ከኪሷ አወጣች። አረፋዋ መዳፏ ላይ ትንቀጠቀጣለች። እስክትረጋ አልጠበቀችም፤ እጇን ጨብጣ መንገዷን ቀጠለች።