የአባባ ፒካፕ ጣሪያ ሦስት ጊዜ ሲመታ

እኔ መንፈስ አየሁ፣ ድምፅ ጠራኝ የሚል ሰው ሲያወራ ትዕግሥት የለኝም፣ ጎረቤቶቼ ይመሰክሩልኛል፣ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ "ልብስ አስጥቻለሁ" ብዬ ሹልክ የምል ሴት ነኝ። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ቢሆንም ያየሁትንና ያላየሁትን ለይቼ አውቃለሁ። የምፈራውም የሚታየውን ነው፣ ገደሉን፣ ውሻውን፣ የልጅ ሳልን፣ ያለቀ ጎማን። ስለዚህ ይሄን ስነግራችሁ ድምፄ ከፍ ከፍ ቢልባችሁ አትፍረዱብኝ፣ እመኑኝ፣ ፍርሃት ብቻ አይደለም፣ ደስታም አለበት።

መጀመሪያ ስለ ዳማ ላውራችሁ። ዳማ የአባባ ፒካፕ ናት፣ ቀለሟ የዳማ ፈረስ ስለሚመስል አባባ በፈረስ ስም ጠሯትና በዚያው ቀረ። ከራቤል መሐል ሜዳ፣ ከመሐል ሜዳ ራቤል፣ ገብስ፣ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና፣ በግ፣ ሙሽራ፣ በሽተኛ፣ ያልጫነችው የለም። እኔና ወንድሜ ጌታነህ ያደግነው እሷ ላይ ከኋላ ነው፣ ፊታችን በብርድ ተሰነጣጥቆ፣ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ፣ እየዘፈንን። ዳገት ላይ ስትደክም አባባ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው "አይዞሽ ዳማዬ! ትንሽ ቀረሽ የኔ እመቤት!" ይሏታል፣ እኛ ደግሞ የምንገፋት ይመስል የጎኗን ግድግዳ፣ ስፖንዳውን ጨብጠን እናምጣለን፣ አናቱ ላይ ስትወጣ እልልታው ነው!

እማዬ ጋቢና ገብታ አታውቅም። "ከተገለበጠች እዘላለሁ፣ ጋቢና ውስጥ ግን በር ስፈልግ እሞታለሁ" ትላለች፣ እንግዲህ ፍርሃቴን ከማን እንደወረስኩ አያችሁ። እሷ ከኋላ ከእኛ ጋር ተቀምጣ ሥራዋ መቁጠርና መምታት ነበር። ሞተሩ ስለሚጮህ አባባ ጩኸት አይሰሙም፣ ስለዚህ በብር ቀለበቷ የጋቢናውን ጣሪያ ትመታለች፣ አንድ ጊዜ ከሆነ የሚወርድ አለ፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ ወርዷል፣ ይነዳ፣ ሦስት ጊዜ ከሆነ ሰው ጎድሏል፣ ይመለስ። ሁለቱ ሳይመታ አባባ ንቅንቅ አይሉም፣ ዝናብ ቢወርድም፣ ተሳፋሪ ቢሰድባቸውም። ስትቆጥረን ደግሞ በዓይኗ አይደለም፣ የእያንዳንዳችንን አናት በእጇ እየነካች ነው፣ "ዓይኔን አላምነውም" ትላለች።

እማዬ ካረፈች ሰባት ዓመቷ ነው። ዳማም ከዚያ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ ቆማ ዶሮ ተፈለፈለባት። ታዲያ ባለፈው ግንቦት ጌታነህ፣ ደብረ ብርሃን ጋራዥ የሚሠራው ወንድሜ ማለት ነው፣ ፈቃድ ወስዶ መጣና ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥሯ ተኝቶ ከረመ። ሞተሯ የተነሳ ዕለት ምን ልበላችሁ! አባባ ዓይናቸው ደክሞ ከአልጋ እስከ በር እንኳ በከዘራ ነው የሚሄዱት፣ ያን ዕለት ግን ከዘራቸውን ጥለው በድምፁ እየተመሩ መጡና ኮፈኗን አቀፏት።

"አልሞተችም እንዴ?" አሉ።

"ማን አባቱ ሊገድላት!" አለ ጌታነህ፣ እስከ ጆሮው ግራሶ ተቀብቶ።

ወዲያው የአክስታችን ልጅ መሐል ሜዳ ላይ ለምታስነሳው ክርስትና በዳማ እንሂድ ተባለ። ልጄ ማኅደር፣ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ከኋላ ካልተቀመጥኩ ብላ ምድር ቁና አደረገችብኝ፣ "አንቺ ተቀምጠሽ አይደል ያደግሽው!" ትለኛለች፣ ወሬውን ያጠገብኳት እኔው ነኝ። ግን ታስላለች፣ መንገዱ የሚያቋርጠው የጓሳ ደጋ ደግሞ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ስለዚህ ጎረቤቴ እትዬ ዘነቡ ዘንድ ትቻት፣ ሁለት ኩንታል ገብስ ከኋላ ጭነን፣ ሸራ አልብሰን፣ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ ተነሳን። ጎማውን አየሁ፣ የበሩን መቆለፊያ ነካካሁ፣ ፍሬኑን ጌታነህን ሦስቴ አስረገጥኩት። ሸራውን ግን አልገለጥኩም።

ጌታነህ ሲነዳ፣ እኔ መሐል፣ አባባ በመስኮቱ በኩል፣ ሦስታችንም እንደ ሕፃን እየሳቅን ነበር። አባባ መንገዱን ሳያዩ ኩርባውን በሆዳቸው ያውቁታል፣ "አሁን ወደ ግራ፣ ቀስ" ይላሉ፣ እውነትም ግራ ነው። ጓሳ ላይ ስንወጣ ዳማ ውሃ አፈላችና ቆምን፣ ጌታነህ ከጀሪካን ውሃ ጨመረላት፣ ያኔ ነው ጉሙ ከቆላው በኩል ተግተልትሎ የመጣው። ከጓሳው ሣር በቀር የሚታይ ነገር ጠፋ፣ እኔም እንደ ልማዴ "ኧረ ቶሎ እንሂድ፣ ገደሉ ሳይሸፈንብን!" ብዬ አጣደፍኩት።

ሩብ ሰዓት ያህል በኤሊ እርምጃ ከሄድን በኋላ፣ ልክ ከራሴ በላይ፣ ቃ! ቃ! ቃ!

ጌታነህ ፍሬን ያዘ። እኔ ዓይኔ የሄደው ጣቴ ላይ ነው፣ የእማዬ ቀለበት ዛሬ እኔ ጋ ነው፣ እጄም ጭኔ ላይ ነበር።

"ጠጠር ነው፣ ከጎማ ተፈናጥሮ ነው" አለ ጌታነህ።

አባባ እንደ ወትሮው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ "ሦስት ነው የተመታው፣ ቁጠሩ" አሉ።

"አባባ፣ ምን እንቆጥራለን? እኔ፣ እሷ፣ እርስዎ። ሙሉ ነን!"

"እንግዲያው ንዳ፣ ካልሆነ ትደግመዋለች።"

"ትደግመዋለች" ሲሉ ማንን እንደሆነ ገባኝ። ጌታነህ ለመሳቅ ሞከረ፣ ማርሽ አስገባ፣ ሃምሳ እርምጃ እንኳ አልሄድንም። ቃ! ቃ! ቃ! አሁንስ በቁጣ ነው፣ የጣሪያው ቆርቆሮ አናታችን ላይ ነዘረ። ጠጠር ደግሞ ጣሪያ ላይ ምን ይሠራል?

እኔ ፈሪዋ ነኝ፣ ግን መቀመጥ አልቻልኩም፣ ጌታነህን በላዩ ላይ ተሻግሬ በእሱ በር ወረድኩ። ከኋላ ማንም የለም። ሁለቱ ገብስና ሸራው ብቻ። ሸራውን ጫፉን ይዤ ገለጥኩት።

በሁለቱ ኩንታሎች መሐል የልጅ ሰውነት የተኛበት ጎድጓዳ አለ፣ እዚያ ላይ የማኅደር ቀይ ሻርፕና የተነከሰ ዳቦ።

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ጌታነህ መጥቶ ሻርፑን አየና ፊቱ አመድ ሆነ፣ "ውሃ ስጨምር... ያኔ ወርዳ ነው" አለ። ጉሙ ውስጥ ገደል አለ፣ ጅብ በቀን የሚወጣበት አገር ነው፣ ልጄ ደግሞ ሳል ይዟታል። ስልኬን አወጣሁ፣ ኔትወርክ የለም። በዚያ ጠባብ መንገድ ጌታነህ ዳማን እንዴት እንዳዞራት እግዜር ይወቀው፣ እኔ ከፊት በእግሬ እየሮጥኩ የመንገዱን ጠርዝ አሳየዋለሁ፣ እሱ ጡሩምባ ይነፋል፣ አባባ በመስኮት "ማኅደር! የኔ ልጅ! አለን!" ይላሉ። አንዳንድ ጊዜ ድምፃችን ከጉሙ ተመልሶ ይመጣና የሷ መስሎኝ እቆማለሁ። ያቺን መንገድ በሕልሜ አሁንም እሮጣታለሁ።

አገኘናት! ውሃ በጨመርንበት ቦታ፣ ዳማ ካንጠባጠበችው ዘይት አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል፣ ግን አላለቀሰችም። አቅፌያት እመታታለሁ፣ እየመታሁ እስማታለሁ።

"ሽንቴ መጥቶ ወረድኩ፣ ስመለስ ሄዳችሁ፣ ጮህኩኝ እኮ!" አለች። ለእትዬ ዘነቡ ደግሞ "እናቴን ውሰዱኝ ስላት እሺ አለችኝ" ብላ ዋሽታ ነው ወጥታ ሸራው ሥር የተደበቀችው።

"ለምን አልተከተልሽንም? ለምን ወዲያ ወዲህ አላልሽም?"

"የተተወ ሰው ከተተወበት አይነቃነቅም" አለችኝ፣ እኔን እንደ ማስተማር እያደረጋት።

ይሄ የእማዬ ትእዛዝ ነው፣ ቃል በቃል። ነግሬያት ይሆናል፣ ብዙ አውርቼላታለሁ፣ ግን ይሄን መንገሬን አላስታውስም።

ክርስትናው ቀረ፣ ማኅደርን በጋቢዬ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ ወደ ቤት ተመለስን። ከጉሙ ስንወጣና ፀሐይ ስታገኘን ደስታው አቅላችንን አሳተን፣ ጌታነህ የድሮውን ዘፈናችንን ጀመረ፣ እኔ እንባዬ እየወረደ እቀበለዋለሁ፣ አባባ የዳማን በር እየደበደቡ ምት ይሰጣሉ፣ ማኅደር በሳልና በሳቅ መሐል ታንቃ ነበር። እንዲያ ሆነን የማርያም መገንጠያ ደረስን። እማዬ በሕይወት ሳለች ሁልጊዜ እዚያ ነበር የምትወርደው፣ ቤተ ክርስቲያኗን ተሳልማ ቀሪውን በእግሯ ትመጣለች።

ቃ!

አንድ ጊዜ ብቻ። ዘፈኑ ቀጥ አለ። ጌታነህ ቆመ፣ ስለ ጠጠር ያነሳ የለም። በመስታወት ወደ ኋላ አየ፣ እኔም ዞሬ አየሁ፣ ገብሱና ሸራው ብቻ ናቸው።

"ጠብቃት፣ ጉልበቷ ያማታል" አሉ አባባ።

ጠበቅን። ሰው ከኋላ ሲወርድ ዳማ ትንሽ ብድግ ትላለች። ብድግ አላለችም። ይነዳ የሚለው ሁለት ምትም አልመጣም። አንዲት ሴትዮ ውሃ ቀድታ ወጣች፣ ሰላም ብላን አለፈች፣ ተመልሳ ወረደች፣ እኛ እዚያው ነን። በመጨረሻ ማኅደር ብርድ ብርድ ሲላት ጌታነህ "ይቅር በይን" ብሎ ለማን እንዳለው ሳይታወቅ ነዳ። አባባ ቤት ደርሰን ሲወርዱ "ሳትወርድ ነው ያመጣችኋት" አሉ።

ከዚያ ወዲህ በዳማ ብዙ ሄደናል፣ ገበያም፣ ለቅሶም፣ አንድም ቀን ጣሪያዋ አልተመታም። እኔ ከመነሳታችን በፊት ሁሉንም በእጄ እየነካሁ እቆጥራለሁ፣ ሸራውን እገልጣለሁ፣ ከኋላ ጭነት ሲኖር ደግሞ ማንም ሳያዘኝ በጋቢናው በኩል የአንድ ሰው መቀመጫ ያህል ክፍት አስተዋለሁ። ማኅደር ለምን እንደሆነ ጠይቃኝ አታውቅም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ነጋዴ ዳማን ሊገዛ ከዓለም ከተማ ድረስ መጣ። ወደዳት፣ ጎማዋን ረገጠ፣ ኮፈኗን ከፈተ፣ ጌታነህም ልቡ ትንሽ ሸፍቶ ነበር። አባባ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሲሰሙ ቆዩና "አትሸጥም፣ ሰው አለባት" አሉት። ሰውየው ወደ ኋላ ሄደ፣ ስፖንዳውን ይዞ ተንጠራርቶ አየ፣ እኛን አየ፣ ከት ብሎ ሳቀ።

ከእኛ ቤት የሳቀ የለም።