በእርጥብ ቃጫ የተለካ እግር

አስቀድሜ ልንገርህ፣ እኔ ጋኔን ታየኝ፣ መንፈስ ጠራኝ የሚል ሰው ሲያወራ በሆዴ የምስቅ፣ ሲብስብኝም ፊት ለፊቱ የምስቅ ሰው ነበርኩ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ዲላ ውስጥ፣ በአንድ ቡና ነጋዴ መጋዘን፣ ሚዛን ላይ ቆሜ ነው፣ ሚዛን ላይ የኖረ ሰው ደግሞ ያልተጫነለትን ነገር ይህን ያህል መዘነ አይልም፣ በዚህ ጠባዬ ሚስቴ አስካለ "አንተ እኮ ጸሎትህንም በኪሎ ነው የምታደርሰው" እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ስለዚህ አሁን የማወራህን ነገር ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ሻዩን ጋብዤ፣ በል ደህና ዋል ብዬ ነበር የምሸኘው። ግን የሆነው በእኔ ነው፣ ምን ላድርግ።

ጊዜው የጃንሆይ ጊዜ ነው፣ መንግሥታቸው ገና ሳይናጋ። የመጋዘን ጓደኞቼ ቅዳሜ ከሰዓት ካርታ ሲጫወቱና ጠጅ ቤት ሲውሉ እኔ ጓሮዬ ውስጥ በሠራኋት የቆርቆሮ ዳስ ገብቼ ብረት እበይዳለሁ፣ እንጀራዬ አይደለም፣ ደስ ስለሚለኝ ብቻ ነው። መሣሪያውን የገዛሁት ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሚሸጥ አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ ነው፣ ካርባይድ የሚሉትን ድንጋይ ውሃ ታንጠባጥብበታለህ፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ጋዝ ያወጣል፣ እሱን ከኦክስጅን ጋር አቀላቅለህ ስትለኩሰው ብረት እንደ ቅቤ የሚያቀልጥ ሰማያዊ ነበልባል ይወጣል፣ እመነኝ፣ አንዴ ያየው ሰው አይተወውም። የመስኮት ፍርግርግ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ የተሰበረ ብስክሌት፣ ያገኘሁትን ሁሉ እበይድ ነበር። አማቴ ግን አልወደዱትም፣ "ልጄን ለሚዛን ሠራተኛ ድሬ ቀጥቃጭ ቤት ገባች" ብለው ሁለት ፋሲካ ቤታችን ሳይመጡ ቀሩ። ያኔ ብረት የነካ ሰው በዓይኑ ይበላል የሚባልበት ዘመን ስለነበር ብዙም አልፈረድኩባቸውም።

የማይፈራኝ ጎረቤቴ አቶ ጅግሶ ብቻ ነበር። አቶ ጅግሶ የጌዴኦ ሰው ነው፣ ከቤታችን ጀርባ ቡናና እንሰት አለው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አጥሩን ተሻግሮ ይመጣና ስበይድ ብረቱን ከወዲያ ጫፍ ይይዝልኛል፣ ምክንያቱም ብቻውን የሚበይድ ሰው ሦስተኛ እጅ ያስፈልገዋል። ሲይዝ ታዲያ አፉ አያርፍም፣ ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ወንጌል፣ ስለ ሚስቱ ቁጣ፣ ያለ ማቋረጥ ነው። አማርኛው የራሱ ነው፣ ነበልባሉን ሲያይ "ይኸ እሳት ቆንጆ ናት፣ ግን ክፉ ነው" ይላል፣ እኔም አላርመውም፣ ስለሚጥመኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልጄ ጽጌ በሦስት ዓመቷ ልምሻ ይዟት ግራ እግሯ ሰለለ። ለትምህርት በደረሰች ጊዜ ይርጋለም ወስደን ያሳየናት ሐኪም እግሯን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ብረት ቢደረግላት ትራመዳለች አለን፣ የሚሠራው ግን አዲስ አበባ ነው፣ ወረፋውም ዓመት ያልፋል፣ አዝኖልን መሰለኝ ቅርጹን በወረቀት ስሎ ሰጠኝ። ሁለት ጠፍጣፋ ብረት በግራና በቀኝ፣ ከላይ ጭኗን የምታቅፍ በቆዳ የተሸፈነች ቀለበት፣ ከታች ጫማዋ፣ ይኸው ነው። አስካለ አዝዬ አደርስሻለሁ ብትላትም ጽጌ "ታዝዬ አልሄድም፣ ሕፃን ናት ይሉኛል፣ በእግሬ ካልሆነ ትምህርት ቤት አልፈልግም" ብላ እምቢ አለች። ትምህርት የሚጀመረው ሰኞ ነው፣ ሐኪሙ የሳለልኝን ወረቀት ይዤ ስፈራ ስቸር ክረምቱን ጨርሼ የቀረችኝ ያቺ ቅዳሜ ብቻ ነበረች።

ጠዋት እግሯን ለካሁ። በምን? በቃጫ። መጋዘን ውስጥ የጆንያ አፍ የምናስረው በቃጫ ነው፣ ሳናስር በፊት ውሃ ውስጥ እንነክረዋለን፣ እርጥብ ቃጫ አይንሸራተትም፣ ቋጠሮውም ይጠብቃል፣ እጄ ይህን ስለለመደ ሳላስበው ቃጫውን ነክሬ ከጭኗ እስከ ተረከዟ ዘረጋሁና ጫፍና ጫፉን ቋጠርኩት። ከዚያ ዳሱ ውስጥ ብረት የማግልበት ከሰል ምድጃ አጠገብ ምስማር ላይ ሰቀልኩት፣ እዚያው ሲደርቅ ዋለ። ከሰዓት ላይ ከተሰባበረ የቡና መፈልፈያ ማሽን ያወጣሁትን ጠፍጣፋ ብረት በዚያው በደረቀ ቃጫ ለክቼ ምልክት አደረግሁበት። ስህተቴ ምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፣ አንተም ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

አስካለ ገበያ ወጥታለች፣ ጽጌ በጓሮ በኩል መስኮት ባለው ክፍል ተኝታለች። ዝናቡ ቆሞ ከአቶ ጅግሶ ቡና ውስጥ ጉም ተነስቶ አጥሩን ዋጠው፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ዳሱ ገባ፣ ገና ቀን ነው ግን ቀን አይመስልም፣ ከተማው ሁሉ ወተት ውስጥ የሰጠመ ይመስል ድምፅ እንኳ ከሩቅ ነበር የሚመጣው። ኦክስጅኑ እያለቀ ነበር፣ ሌላ ሲሊንደር ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና እስኪመጣልኝ ወር ይፈጃል፣ ስለዚህ አንዴ ከለኮስኩ ማቆም የለም። አንዱን ብረት ጠረጴዛዬ ላይ በተተከለው ማጥበቂያ፣ በሞርሳው አሰርኩ፣ ቀለበቷን በጉጠት ይዤ ለኮስኩና ጥቁሩን መነጽር ዓይኔ ላይ አወረድኩ። በዚያ መነጽር ስታይ ዓለም የለም፣ የምታየው የቀለጠችውን ነጥብና በዙሪያዋ ያለውን ስንዝር የማትሞላ አረንጓዴ ብርሃን ብቻ ነው።

በዚህ መሃል የእንሰት ቅጠል ሲረገጥ ሰማሁ፣ ቀጥሎም ጠብ፣ ጠብ የሚል የውሃ ድምፅ። አቶ ጅግሶ ነው ብዬ ሳልዞር "ደግ ጊዜ መጣህ፣ በል ቀለበቷን ያዝልኝ" አልኩ። ሁለት እጆች ወደ አረንጓዴው ብርሃን ገቡና ቀለበቷን ያዙ። ባዶ እጅ ነው፣ ጓንት የለም፣ ጨርቅ የለም፣ እጁም እርጥብ ነው፣ ከጣቶቹ የሚንጠባጠበው ውሃ የጋለው ብረት ላይ ሲያርፍ ቸስ፣ ቸስ ይላል። "ሰውዬ፣ ትቃጠላለህ" አልኩት፣ መልስ የለም። አቶ ጅግሶ ዝም ካለ ወይ ታሟል ወይ ተቀይሟል፣ እኔም ምን አድርጌው ይሆን እያልኩ ሥራዬን ቀጠልኩ፣ የሚገርምህ ግን አልፈራሁም፣ እንዲያውም ደስ የሚል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኝ ሰላም ነው የተሰማኝ።

ከዚያ እጆቹ ቀለበቷን ካደረግኩት ምልክት ወደ ታች ገፋ አደረጓት። "ምልክቱ ላይ ነው፣ አቶ ጅግሶ" አልኩና መለስኳት። ደግሞ ገፋት፣ ደግሜ መለስኩ። ብስጭት አልኩ፣ ልጄ ነች፣ ተለክቷል፣ ምን አገባህ ልለው ስል ነበልባሉ መንተፋተፍ ጀመረ፣ ኦክስጅኑ ሊያልቅ ነው። እጆቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርገው ይዘው ጸኑ፣ በጉልበት አይደለም፣ ልጅ እጇን ይዘህ መንገድ እንደምታሻግራት ዓይነት አያያዝ ነው። እሺ፣ ብዬ እጆቹ በያዙበት በየድኩ። ሁለተኛውንም ብረት እንደዚያው ያዘልኝ፣ በየድኩ። ለመበየጃ የማቀልጣት ሽቦ አልቃ እጄን ሳነሳ ነበልባሉ ጧ ብሎ ጠፋ።

መነጽሩን ሳወጣ ዳሱ ውስጥ ጉም እንጂ ሰው የለም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት እርጥብ የመዳፍ ቦታ አለ፣ የውሃው ጠብታ ደግሞ ወደ አጥሩ ሳይሆን ወደ ቤቱ ግድግዳ ነው የሄደው፣ አቶ ጅግሶ ወደ ቤት ገብቶ ይሆናል ብዬ ተጣራሁ፣ ማንም የለም። ስገባ ጽጌ ተኝታለች፣ ብርድ ልብሷ ከእግሯ ላይ ተገልጧል፣ አለበስኳትና ወጣሁ።

አቶ ጅግሶ እሑድ ከሰዓት መጣ። "ትናንት ምን ሆነህ ነው ዝም ያልከኝ?" አልኩት።

"እኔ? ትናንት ገደብ ከተማ ነበርኩ እኮ፣ የአጎቴ ልጅ አረፈች፣ ለቅሶ ነው፣ አሁን ከመኪና መውረዴ ነው" አለኝ፣ ጫማው ላይ የገደብ ጭቃ ነበር። ከዚያ ፊቴን አይቶ "አንተ ግን ደህና ነው ወይ?" አለ።

ደህና ነኝ አልኩት። እሱ እንደሄደ ወደ ዳሱ ሮጥኩና ብረቱን ከቃጫው ጋር አስተያየሁ፣ ብረቱ በሁለት ጣት ያህል ያጥራል። ነገ ሰኞ ነው፣ ጋዝ የለም፣ ልጄ የትምህርት ቤት ልብሷን አጣጥፋ ትራሷ ሥር አስቀምጣለች። ምንም ቢሆን ብዬ ወስጄ እግሯ ላይ አጠለቅሁት፣ አይጠብ፣ አይላላ፣ ልክክ አለ። አስካለ በደስታ እልል ስትል እኔ ቃጫውን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁና ባልዲ ውስጥ ነከርኩት፣ ቆይቼ ሳወጣው ተኮማትሮ ከብረቱ ጋር እኩል ሆነ። የተፈተለ ገመድ ሲረጥብ ያጥራል፣ ሲደርቅ ይረዝማል፣ ይህን ዕድሜ ልኬን ጆንያ ሳስር እያየሁ አላስተዋልኩትም። የእኔ ስህተት ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው፣ ስህተቴን ያወቀው ሰው ግን ማን ነው?

ሰኞ ጠዋት ጽጌ ዳገቱን በራሷ እግር ወጣች። ብረቱ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፣ አስካለ ከኋላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ትከተላለች፣ አማቴ እንኳ ሰምተው መጥተው ነበር፣ እጄን ይዘው "ይባርከው" አሉኝ። እኔም አለቀስኩ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ማታ ብረቱን ሳወልቅላት ጽጌ "አባዬ፣ ያ ሰውዬ ደግሞ መቼ ነው የሚመጣው?" አለችኝ።

"የትኛው ሰውዬ?"

"በመስኮት እጁን አስገብቶ እግሬን የለካው። እጁ እርጥብ ነው፣ ግን አይበርድም።"

"አቶ ጅግሶ ይሆናል" አልኳት፣ እንዳልሆነ እያወቅሁ።

ሳቀች። "አቶ ጅግሶማ ያወራል። እሱ ዝም ብሎ ነው የለካው። መጀመሪያ ግራውን ለካ፣ ከዚያ ቀኙንም ለካ። ቀኙ ላይ ቆየ።"

ብረቱ ከእጄ ወደቀ። አስካለ ከማጀት "ምን ሆነ?" አለች፣ "ምንም" አልኳት፣ ያንን "ምንም" አስካለ እስክትሞት ድረስ አልቀየርኩትም።

ቀኝ እግሯ ምንም አልሆነም፣ ይኸው ጽጌ አድጋ፣ ተምራ፣ አግብታ አዋሳ ትኖራለች፣ የልጆች እናት ናት፣ ብረቱንም እያደገች ስትሄድ እየቀየርኩላት ኖሬአለሁ፣ ያ እንግዳ ግን ዳግመኛ አልመጣም። እኔ ግን ከዚያ የመፈልፈያ ማሽን የተረፉትን ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች በጆንያ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር አስቀምጫለሁ። ብጥላቸው አንድ ቀን ለቀኝ እግሯ ያስፈልጉ ይሆናል እላለሁ፣ ብበይዳቸው ደግሞ ሕመሙን በገዛ እጄ የምጠራባት ይመስለኛል፣ ስለዚህ በየክረምቱ እንዳይዝጉ ዘይት እቀባቸውና መልሼ እጠቀልላቸዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደወለች። ስለ ልጆቿ፣ ስለ ዝናቡ አወራችኝና በመጨረሻ "አባዬ፣ ሰሞኑን ቀኝ እግሬን ደንዘዝ ያደርገኛል፣ ድካም ነው መሰለኝ" አለች። ድካም ነው ልጄ፣ አልኳት። ቅዳሜ ልታየኝ ትመጣለች፣ እኔም ዛሬ ቃጫ ገዝቼ ሳፋ ውስጥ ነክሬዋለሁ።