ለሶክ የዘረጋሁት ጉርሻ

ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። አታዝኑልኝም፣ አውቃለሁ። ግን አንድም ቃል አልጨመርኩበትም።

ቦታው ጆሃንስበርግ፣ ትሮይቪል። ጊዜው መስከረም 2013፣ ቀን ስድስት ሰዓት። ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ። ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰዓት ነው።

ግን ከሶክ ልጀምር።

እኔ ዱካሞ እባላለሁ፣ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። ካትሌሆንግ ውስጥ በለማ ሱቅ ሦስት ዓመት እንደ አህያ ሠርቻለሁ። የኮሮና ሎክዳውን ሲመጣ ለማ «ወንድሜ፣ እንግዲህ ለራስህ እወቅበት» ብሎ አሰናበተኝ። አንድ ቸርች አብረን የምንዘምር ሰው። ቤቱ ሄጄ ሳንኳኳ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍቶ ቤት የሌለ ሰው መሰለ።

ያቺን ቀን አልረሳትም። እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ያበላኝ ሶክ ነው። አራት ወር ሙሉ።

ሶክ የካምቦዲያ ሰው ነው። ከሚስቱ ከቻንታ ጋር የቻይናዎች ምግብ ቤት ውስጥ ያበስሉ ነበር። ክፍላቸው ትሮይቪል ከተከራየኋት ክፍል ጎን ነው። የሚለየን ስስ ጣውላ ብቻ።

መጀመሪያ ያመጣልኝ ጨው ውስጥ ወራት የከረመ፣ የተፈጨ ዓሣ ነበር። ፕራሆክ ይሉታል። ሽታው አፍንጫ ይሰብራል። ሌላ ቀን ከአገሩ በጣሳ የመጣ ቀይ ጉንዳን ከበሬ ሥጋ ጋር ጠብሶ አመጣ። ሎሚ ሎሚ ይላል። ሌላ ቀን ደግሞ ውስጡ ጫጩት መሆን የጀመረ የዳክዬ እንቁላል...

ርቦኝ ነበር፣ በላሁ። ኋላማ ወደድኩት። ለማ ሲሰማ በየሱቁ «የዱካሞ አፍ በር የለውም» እያለ አሳቀብኝ።

እኔም ለሶክ ጉርሻ አስለመድኩት። እኛ ዘንድ አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ መድገም ግድ ነው አልኩት። ደስ አለው። ሁለተኛውን ሳልጠቀልል አፉን ከፍቶ ይጠብቀኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ ሁለቱም ታመሙ። ቻንታን አምቡላንስ ወሰዳት። ሶክ «አልጋ የለም» ተብሎ ክፍሉ ቀረ።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ በጣውላው በኩል ድምፅ መጣ። ቀጭን፣ የደከመ።

«ዱካሞ... ሩዝ። በሩ ላይ ብቻ አስቀምጥልኝ።»

ድስቴ ውስጥ ሩዝ ነበር። ትኩስ።

ፈራሁ። በሽታውን ፈራሁ።

ምድጃውን አጠፋሁ። ሽታው እንዳይደርሰው ድስቱን በፎጣ ጠቀለልኩት። ከዚያ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ትንፋሼን ዋጥኩ።

ሦስት ቀን ጠራኝ። ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ላይ።

በአራተኛው ቀን አልጠራኝም።

ነጭ የለበሱ ሰዎች በላስቲክ ጠቅልለው ወሰዱት። ቻንታ ድና ስትመለስ ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ ገጥማ ጎንበስ አለችልኝ። ጎረቤቱ አንተ ስለነበርክ ብቻውን አልሞተም፣ በዚያ እጽናናለሁ አለችኝ።

እኔም መልሼ ጎንበስ አልኩላት።

ከዚያ ወዲህ ምግብ አልወርድልህ አለኝ። ጉሮሮዬ የመርፌ ቀዳዳ ያህል የጠበበ ይመስለኛል። ክሊኒክ ሄድኩ። ኮሮናም የለብህ፣ ጉሮሮህም ጤነኛ ነው ተባልኩ።

አንድ ቀን ቻንታ ሥራ ሄዳ፣ ክፍሏ ከውጭ ተቆልፎ...

በጣውላው በኩል ማንኪያ ሰማሁ። ባዶ ሳህን የሚፍቅ ማንኪያ።

ሰዓቴን አየሁ። ስድስት ሰዓት።

መስከረም ላይ፣ ቀን ስድስት ሰዓት፣ ቻንታ ወደ ክፍሏ ጠራችኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ አስረዳችኝ። በአገሯ በዓመት አሥራ አምስት ቀን ሙታን ተርበው ይመጣሉ። ዘመድ ያላበላው ሙት እየዞረ ይለምናል። አንዳንዱ አፉ እንደ መርፌ ቀዳዳ ነው፣ ቢሰጡትም መዋጥ ያቅተዋል። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው አለች።

ለሙታን የቀረበ ማዕድ ላይ መቀመጥ በእኔ እምነት ኃጢአት ነው። ግን ስለ ኃጢአት የማወራበት አፍ የት አለኝ?

ምንጣፍ ላይ ፕራሆኩ፣ ጉንዳኑ፣ እንቁላሉ፣ ሩዙ ተደርድሯል። ከፊት ለፊቴ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ቻንታ ስሙን ሦስት ጊዜ ጠራች። ከዚያ አንተም ጋብዘው አለችኝ።

እጄ ራሱ ሩዝ ጠቀለለ። ዓይኔን ጨፍኜ ጉርሻውን ወደ ባዶው ቦታ ዘረጋሁ።

«ሶክ... እንካ።»

መጀመሪያ ቅዝቃዜ ተሰማኝ።

ከዚያ ጣቶቼ መሐል ያለው ሩዝ መሳብ ጀመረ። ቀስ ብሎ... አንድ ፍሬ... ሌላ ፍሬ... በጠባብ ቀዳዳ እንደሚገባ።

ዓይኔን አልገለጥኩም።

ያኔ ቻንታ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

«ዱካሞ፣ በመጨረሻው ቀን... ሩዝ በልቶ ነበር?»

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። እዚያው ተደፍቼ ማልቀስ ነበረብኝ።

«አዎ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያበላሁት።»

መሳቡ ቆመ።

የገባው ሩዝ ተመልሶ መዳፌ ላይ ይወድቅ ጀመር። አንድ ፍሬ... ሌላ ፍሬ... እርጥብ፣ ቀዝቃዛ። እስኪያልቅ።

ቻንታ አላየችም። ግንባሯን ምንጣፉ ላይ ደፍታ እያመሰገነችኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሳልሰናበታት ትሮይቪልን ለቀቅሁ። ቶኮዛ ሰፈር አንድ ሱቅ ተቀጠርኩ። የምንሸጠው በፍርግርግ መስኮት ነው። ውጭ ሰው ተራርቆ እንዲቆም መሬቱ ላይ ነጭ ክብ ክብ ተቀብቷል።

የመጀመሪያ ቀኔ ነው። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሰልፉን ቀና ብዬ አየሁት።

በየክቡ አንድ ሰው ቆሟል። ሁለተኛው ክብ ብቻ ባዶ ነው።

ከባዶው ኋላ ያሉትን አሮጊት በአገሩ አጠራር «ጎጎ፣ ጠጋ ይበሉ እንጂ» አልኳቸው።

አልተነቃነቁም። ባዶውን ክብ በአገጫቸው አመለከቱኝ።

«እሱ ይቀድመኛል። ማስክ አድርግ በለው እንጂ። ከመጣሁ ጀምሮ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ሰውህ ነው እንዴ?»

«አላውቀውም» አልኩ።

የመጀመሪያው ደንበኛ ዳቦውን ይዞ ሄደ። ሰልፉ አንድ ክብ ወደፊት ተራመደ።

አሁን መስኮቱ ሥር ያለው ክብ ባዶ ነው።

ማንም አልተጠጋበትም። ሁሉም ከማስካቸው በላይ ባሉት ዓይኖቻቸው እኔን እያዩ... ተራው የደረሰውን እስካስተናግድ ይጠብቃሉ።